ይርጋጨፌን በሰው አገር ፎቶ

የይርጋጨፌ ቡና ላኪ ነኝ የሚል አንድ ድርጅት ፔጁ ላይ የለጠፈውን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ንዴቴ አልበረደልኝም። ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ወገቡ ላይ ቅርጫት ያሰረ ሰውዬ፣ ፀሐይ በሚጠብሰው ገላጣ ተዳፋት ላይ፣ በመስመር ከተተከለ ቡና መሀል ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። የጥላ ዛፍ የለ፣ አንድ እግር እንሰት እንኳ የለ። የይርጋጨፌን መገኛ፣ የጌዴኦን መሬት የረገጠ ሰው ቀርቶ ዲላን በአውቶቡስ መስኮት ያየ መንገደኛ እንኳ ይህ የእኛ አገር እንዳልሆነ ያውቃል። ኮሎምቢያ ይሁን ጓቲማላ እነሱ ይወቁት። ከሥሩ "ከእኛ ማሳ ወደ እርስዎ ሲኒ" ይላል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የማን ማሳ? የቱ ማሳ?

ወደ ታች ወረድኩ። ሰኞ "መልካም የሥራ ሳምንት"፣ ከፀሐይ መውጫ ጋር። ረቡዕ አንድ የአሜሪካ ቢሊየነር ተናገረው የተባለ፣ መናገሩን ግን ማንም ያላጣራው ጥቅስ። ዓርብ "ቡና የመጠጣት ሰባት የጤና ጥቅሞች"፣ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ አምስተኛው ላይ የተቆረጠ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ በዓለም የቡና ቀን፣ በኤአይ የተሠራ የጀበና ሥዕል፤ ሲኒው ጆሮ አለው! የቡና መገኛ አገር ላኪ ጆሮ ባለው ሲኒ እንኳን አደረሳችሁ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት? አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ሄድኩ። ድርጅቱ ራሱ ስለ ገዛው፣ ስላጠበው፣ ስላደረቀው፣ ስለ ላከው ቡና የተጻፈ አንድ መስመር አላገኘሁም።

የአንድ ሰው ስንፍና ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን የአንዱን ፔጅ ዘግታችሁ የሌላውን ብትከፍቱ ያው ጥቅስ፣ ያው ፀሐይ፣ አንዳንዴም ያው ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ይጠብቃችኋል። የሰውን ሥራ እየለቀሙ ማጋራት "ኮንተንት" ተብሎ ስም ወጥቶለት፣ ዋጋ ተቆርጦለት፣ በፓኬጅ ይሸጣል። "በወር ሠላሳ ፖስት እናቀርባለን" ይላል ውሉ። ስለ ምን የሚለው ጥያቄ ውሉ ውስጥ ቦታ የለውም። ሠላሳ መሆኑ ብቻ ነው ቁም ነገሩ። ቡና ላኪም፣ የጥርስ ክሊኒክም፣ የሞተር ዘይት አስመጪም ሰኞ ጠዋት እኩል ፀሐይ ይወጣላቸዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነገር በቡና ላይ ሲደረግ ነው። ምክንያት አለኝ።

ይህች አገር ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ስም ስትል ከዓለም ትልቁ የቡና ቤት ሰንሰለት ጋር ፊት ለፊት ተጋጥማለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሦስቱን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ስሞቹ በንግድ ምልክትነት መያዛቸውን አልወደደውም። ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ተወዛገቡ፣ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጁን 2007 ድርጅቱ ስሞቹን አክብሮ ውል ፈረመ። የጠቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ ስሙ ዋጋ አለው፣ ስሙ ደግሞ የእኛ ነው። እንግዲህ ስሙን በዚያ ሁሉ ድካም ካስመለስን በኋላ የራሳችን ላኪ ስሙን በሰው አገር ተራራ ላይ ይለጥፈዋል። ስታርባክስ እንኳ ይህን አላደረገብንም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ ላኪው ስለ ቡናው መናገር ቢፈልግም የሚናገረው አልነበረውም፤ ይህን ለእሱ እሟገትለታለሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከትልልቅ እርሻዎች በስተቀር፣ የአንዱ ሰፈር ቡና ከሌላው ጋር በአካባቢና በደረጃ እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር። መጋዘን ሲገባ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሲወጣ የአካባቢ ስምና የደረጃ ቁጥር ብቻ ይዞ ይወጣል። ገዢው "ከየትኛው ማጠቢያ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ላኪው እውነቱን ቢናገር መልሱ "አላውቅም" ነበር። ከዚያ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መጣ፤ ምንጩ የሚታወቅ ቡና በቀጥታ ለመሸጥ በሩ ተከፈተ። ላኪው የራሱን ማጠቢያ መያዝ፣ ከአቅራቢው ጋር ተሳስሮ ቡናውን ከማጠቢያ ሳይቱ እስከ ወደብ መከተል ቻለ። ለዓመታት የተጮኸለት ነገር ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሰዎቹ ምን አደረጉ? "መልካም ሰኞ" ለጠፉ።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ አውጥቶ ቡናው የበቀለበትን ቁራጭ መሬት መገኛ በካርታ ነጥብ አምጡ እያለ ነው። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እየተገፋ ቢቆይም ላኪዎቻችን ልጆች ቀጥረው፣ ከማሳ ማሳ እየዞሩ ነጥቡን እየሰበሰቡ ነው። ይህን የማውቀው ከልጆቹ ጋር ስለማወራ ነው። አንዱ በጌዴኦ፣ በኮቸሬ ጭቃ ጫማው ተቦጭቆ፣ በባዶ እግሩ የገበሬውን ጓሮ ሲዞር መዋሉን ነግሮኛል። ከመሬቱ ላይ ቆሞ፣ ስልክ ይዞ፣ ካሜራ ያለው ስልክ! ነጥቡን መዝግቦ መጣ። አንድ ፎቶ አላነሳም፤ አንሣ ያለው የለማ። አለቆቹ የሰው ፎቶ ከበይነመረብ እያወረዱ እሱ እውነተኛው ማሳ ላይ ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ቢሮ ልውሰዳችሁ። ስም አልጠራም። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መጋዘን አላቸው፤ ቢሮው ፎቅ ላይ፣ ማበጠሪያው ምድር ቤት። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ቡናን በእጃቸው ዘግነው እርጥበቱን የሚገምቱ ሰው ናቸው። ፔጁን የሚሠራላቸው ወጣት ከጎናቸው ተቀምጦ ካንቫ ላይ ቡናማ ቴምፕሌት ይመርጣል፤ "ጥራት ልማዳችን ነው" የሚል ጽሑፍ ከሦስት ዓይነት ፊደል የቱ እንደሚያምር አስጨንቆታል። በመስኮቱ ታች ሴቶች ቁጢጥ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከጥሩው እየለዩ ያወጣሉ። ጣታቸው ዓይን የሚከተለው ነገር አይደለም። አንዷ እናት አንገቷን ቀና ሳታደርግ ከጎኗ ካለችው ጋር እያወጋች፣ እጇ ግን አንድ የተበላሸ ፍሬ አያልፋትም።

"ጋሼ፣ ያቺ ሴትዮ ስንት ዓመቷ ነው እዚህ?" አልኳቸው።

"እሷማ ከመጋዘኑ በፊት ነው የነበረችው" ብለው ሳቁ። "ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች ቡናውን።"

"ታዲያ እሷን ለምን ፔጃችሁ ላይ አታሳዩም?"

ፊታቸው ቅጭም አለ። "ምን ያምራል ብለህ ነው? አቧራ ነው እኮ። ፈረንጅ ያየዋል።"

ፈረንጅ ያየዋል! ለካ ነገሩ ስንፍና አይደለም፤ እፍረት ኖሯል። በራሳችን አቧራ እናፍራለን። የራሳችን መጋዘን፣ የራሳችን ጆንያ፣ የራሳችን ሠራተኛ እጅ ለዓይን የማይበቃ ይመስለንና የሰው አገር ንጹሕ ፎቶ ተውሰን እንለብሳለን። አበው በሰው ወርቅ አይደምቁም ያሉት ይህን ሳያዩ ነው። ያ ወጣትም ቢሆን አልፈርድበትም፤ አለቃው በሚያፍርበት ነገር እሱ ምን አድርጎ ይኩራ? የሚገርመው ደግሞ ያ ፈረንጅ፣ ቶኪዮም ይሁን ሶል ይሁን በርሊን፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያው አቧራ መሆኑ ነው። የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ? "ስንት ቀን ማድረቂያ አልጋ ላይ ቆየ? ሌሊት ሸፍናችሁታል? ዝርያው ምንድን ነው? 74110 ነው ወይስ 74112? ገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት አደረ?" ነው የሚለው። ስለ ቢሊየነሩ ጥቅስ የጠየቀ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እነዚህን ቁጥሮች ሳይት ላይ ያለው ሁሉ ያውቃቸዋል። 74110ም 74112ም ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች መሆናቸውን፣ የታጠበ ቡና አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ በእሸቱ የሚደርቀው ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሚቆይ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ ፍልፍሉ እንዳይሰነጠቅ እንደሚሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ሲወርድ እንደሚነሣ የማያውቅ የሳይት ሰው የለም። ቡናውን የሚያገላብጡት ሴቶች ደመናው ከየት እንደሚመጣ አይተው ሸራውን ይስባሉ። ይህን ለአንድ ደቂቃ በስልክ ብትቀርጸው፣ ሴትየዋ ራሷ በጌዴኦኛም ይሁን በአማርኛ ብትናገረው፣ ሥሩ ላይ በእንግሊዝኛ ብትጽፍበት፣ በዓለም ላይ ያንን ሊለጥፍ የሚችል ሌላ ድርጅት የለም። ሊገለብጠው ቢፈልግ እንኳ አይችልም። አልጋው የአንተ ነው፣ ደመናው የአንተ ሰፈር ደመና ነው።

ቀማሹንም አስቡት። አምስት ሲኒ ተደርድሮ፣ ውሃ ፈስሶበት አራት ደቂቃ ተቆጥሮ፣ በማንኪያ ከላይ ያለውን ቅርፊት ሰብሮ አፍንጫውን ሲደፋበት፣ ከዚያ ፉት ሲል የሚያወጣው ፉጨት ክፍሉን ሲሞላው። "ይሄኛው ዝናብ ነክቶታል" ይላል። እንዴት አወቀ? ይህን የሚጠይቅ የፔጅ ሠራተኛ ቢኖር የሳምንት ሥራ አገኘ ማለት ነው። ግን ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ቢሮው ተቀምጦ "ቡና የመጠጣት ሰባት ጥቅሞች" ይፈልጋል።

የራስን ታሪክ በራስ ስም መናገር ምን እንደሚያመጣ ማስረጃ ካስፈለገ እዚሁ አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ አነስተኛ ገበሬ ቡና ነበር። በበይነመረብ ጨረታው አንድ ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ጥራቱ ነው፣ አዎ፤ ጥራት ባይኖር ማን ይሰማዋል? ግን ቡናው ጨረታ የቀረበው በገበሬው ስም፣ በማሳው ቦታ፣ በአሠራሩ ዝርዝር ነው። ያው ቡና ስሙን ጥሎ በደረጃ ቁጥር ብቻ ጆንያ ውስጥ ቢደባለቅ ማን 185 ይሰጠዋል? ከቡና ወጣ ብንልም፣ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስን ስትመሠርት ለዓለም የነገረችው የበረባሶን ታሪክ ነው፤ እኛ የምናፍርበትን፣ የጎማ ጫማ። የጣሊያን ጫማ ሰፊ ፎቶ ለጥፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያውቃት ነበር?

ለላኪዎቻችን ሌላም ዜና አለኝ። የምትገለብጡበት ሜዳ ራሱ ገልባጭን መጥላት ጀምሯል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የሰው ሥራ እየደጋገሙ የሚለጥፉ አካውንቶችን ለማያውቋቸው ሰዎች ማሳየት እንደሚያቆምና በተገለበጠው ምትክ ኦሪጅናሉን እንደሚያቀርብ አሳውቋል። ሜታ በጁላይ 2025 ደግሞ የሌላውን ቪዲዮ፣ ፎቶና ጽሑፍ እየደጋገሙ የሚያወጡ የፌስቡክ አካውንቶች የሚለጥፉት ነገር ሁሉ ወደ ታች እንደሚወርድ ተናግሯል። ልብ በሉ፤ የተገለበጠው ብቻ ሳይሆን ሁሉም። እንግዲህ በወር ሠላሳ ፖስት የገዛ ሰው የገዛው ምን እንደሆነ ያስላው።

ሕጉም አለ፣ ብዙ ሰው ባያነበውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ከሰው ሥራ መጥቀስን ቢፈቅድም ምንጩንና የባለቤቱን ስም ግለጽ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። የሰው አገር ማሳ አሳይቶ "ከእኛ ማሳ" ማለት ምን ይባላል? ዳኛ አይደለሁም። ግን ገዢው ፎቶውን በጎግል ፈልጎ ባለቤቱን ያገኘ ዕለት ፍርድ ቤት አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ኮንቴይነር አያዝም። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ነው፣ 19 ቶን ከምናምን። በነፃ የተገኘች ፎቶ ይህን ታስከፍላለች።

የሰውን ሥራ ማጋራት ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። መልቀም ራሱ ጥበብ ነው፤ እኛ ደግሞ ለዚህ ጥበብ ባዕድ አይደለንም። የአንድምታ መምህራን ምን ነበር ሥራቸው? ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያሉትን ሰብስበው፣ "አንድም" እያሉ ትርጓሜውን ደርድረው ማስተማር። አብዛኛውን ራሳቸው አልፈጠሩትም። ግን የለቀሙትን ያውቁታል፤ የቱ ከየት እንደመጣ፣ የቱ የትኛውን እንደሚያፈርስ፣ ተማሪው ተነሥቶ ቢጠይቅ ምን እንደሚመልሱ። ለዓመታት ተቀምጠውበታል። "ሼር" ተጭኖ ከማለፍ ጋር ይህን በአንድ ስም መጥራት ድፍረት ነው።

እስቲ በቡና ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ በፓውንድ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። የቡና ፔጆች በሙሉ ያንኑ ሰንጠረዥ፣ ያንኑ ቀስት ወደ ላይ የሚጠቁም፣ ያንኑ የእንግሊዝኛ ዜና ለጠፉት። አንድም ሰው "ይህ ለይርጋጨፌ አቅራቢ ምን ማለት ነው?" ብሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልጨመረበትም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል፤ የእሸቱ ዋጋ በታኅሣሥ ስንት ነበር? ዋጋው ከመውጣቱ በፊት ውል የፈረመ ላኪ ምን ደረሰበት? ከዚያ በፊት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የተፈረሙ ውሎችስ? ይህን የሚመልስ ሰው የሰውን ሰንጠረዥ ቢለጥፍ እጅ ነሥቼ አነበዋለሁ። ሰንጠረዡ የሌላ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእሱ ነው፣ በስሙ ይቆምበታል፣ ቢሳሳት ይጠየቅበታል። እንዲህ ያለ መልቀም በሳምንት አንዴ ቢሆን ከሠላሳ ፀሐይ መውጫ ይበልጥብኛል።

ስሞታቸውንም ሰምቻለሁ። "ጊዜ የለንም" ይላሉ። ለሠላሳ ጥቅስ ጊዜ የነበረው ሰው ለአንድ የሳይት ቪዲዮ ጊዜ የለኝም ሲል አልሰማውም፤ ይህን እናልፈዋለን። "ካሜራ የለንም" የሚለውን ደግሞ በጭቃ ጫማው የተቦጨቀው ልጅ መልሶታል። "እንግሊዝኛችን አይበቃም" ለሚለው፣ ገዢው የሼክስፒርን ቋንቋ አልጠየቀም፤ የማድረቂያውን ቀን ቁጥር ነው የጠየቀው።

አንዱ ግን እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ እሱን ችላ አልለውም። "ሳይቴን ካሳየሁ፣ አቅራቢዬን በስም ከጠራሁ፣ ተፎካካሪ ሄዶ አንድ ብር ጨምሮ ይወስድብኛል።" ቡና ንግድ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ፍርሃት አይንቅም፤ በእሸት ወቅት በአንድ ሌሊት የሚከዳ ሰው ስንት ነው! ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። በገደብ ወይም በኮቸሬ ማን የት እንደሚያጥብ፣ ማን ለማን እንደሚያቀርብ፣ የማን ሚዛን እንደሚጎድል ጭምር የማያውቅ ደላላ አለ? የሹፌሩ ረዳት ያውቃል፣ ሻይ የምታፈላው ያውቃል፣ ተፎካካሪህ ደግሞ ከሁሉ በፊት ያውቃል። በዚህ ዓለም ላይ ያ ሳይት የት እንዳለ የማያውቀው የቶኪዮው ገዢህ ብቻ ነው። ምሥጢሩን የምትጠብቀው ገንዘብ ከሚከፍልህ ሰው ነው ማለት ነው። ደግሞስ አቅራቢህን የሚያቆየው ስሙን መደበቅህ ነው ወይስ በወቅቱ መክፈልህ? ሲሆን ሲሆን ስሙ በጃፓን ካፌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በስልኩ ያየ ገበሬ ለአንድ ብር ብሎ ይሄድብሃል?

በነገራችን ላይ ችግሩ ቡና ላይ አያበቃም። ቴሌግራም ላይ ሶፋ የሚሸጡትን ያየ ያውቃል፤ ፎቶው የቱርክ፣ ሶፋው የሰፈራችን። ቤት ሲመጣ ቀለሙም ቁመቱም ሌላ ነው። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው ውስጡ ጣውላ ነው ወይስ ቺፕውድ፣ ስፖንጁ በዓመቱ ይሰምጣል ወይ የሚለውን ነው። አንድ አናጺ ሶፋውን ገልብጦ፣ ከሥሩ ጨርቁን ገፍፎ እንጨቱን ቢያሳይ ያ ሰፈር ሁሉ እሱ ጋ ይሰለፋል። አያደርገውም፤ ወይ ያፍራል፣ ወይ የሚያሳየው የለውም። የሚያሳየው ለሌለው የምመክረው የለኝም፤ የተበደረው ፎቶ ትክክለኛ ልብሱ ነው።

ላኪዎቻችን ግን የሚያሳዩት አላቸው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ራሱ፣ ቡናውና እንሰቱ ከዛፉ ሥር አብረው የሚያድጉበት፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዓለም ቅርስ ያለውን ጓሮ ትቶ የሰውን ገላጣ ተራራ የሚያስቀድም ነጋዴ ምን እየሸጠ ነው?

እንግዲህ ጥቅምት ሲገባ መኸሩ ደርሶ የእሸት መፈልፈያዎቹ መዞር ይጀምራሉ። ከማስታወቂያ ድርጅቱ ጋር ያለውን ውል አውጡና "ሠላሳ ፖስት" የሚለውን ሰርዙት። በምትኩ ልጁ በመኸር ወቅት ሳይት ሄዶ እንዲያድር፣ አበሉ እንዲከፈለው፣ አራት ያህል እውነተኛ ነገር ይዞ እንዲመለስ ጻፉ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ፤ የሳይት ጸሐፊያችሁ ራሱ ከእሱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስትቀርጹ ደግሞ ፊታቸውን የምታነሱትን ሴቶች ጠይቁ፤ ፈቃዳቸውን፣ ስማቸውን፣ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ። እምቢ ያለችውን ተዋት። እሺ ያለችው ፎቶዋ ብሮሹራችሁ ላይ ወጥቶ ኮንቴይነር ከሸጠላችሁ፣ ክፍያዋን በዚያው ወር ደመወዟ ላይ ጨምሩላት። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ በነፃ አገለገላችሁ፤ እሷን በነፃ እንድታገለግላችሁ አልፈቅድላችሁም፤ ይህንንም ፔጃችሁ ሥር እየመጣሁ፣ በስሜ፣ እጽፈዋለሁ።